መስኮት አራት

ሽምብጥ ካለው ቢሮ ደጃፍ፣ መስኮት አራት ፊት ለፊት፣
ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ ከጧቱ አንድ ሰዓት።
ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እምቦጭ እምቦጭ ይሸታል፣
ዘንባባው ላይ አንድ ይብራ ክንፉን ዘርግቶ ያደርቃል።
በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ዛሬም እንዳለ ነው፦
«ያላገለገለ ነዋሪ፣ ያገለገለ ዜጋ ነው።»
ይህችን አንዲት መስመር ነበር ሰባት ዓመት ያነበብኳት፣
በራስ ቁሬ መስታወት ላይ
በትንፋሼ ጉም እየጻፍኩ፣ በትንፋሼ እያጠፋኋት።

አባቴ ደንገል አጭዶ፣ ደንገል አድርቆ፣ ደንገል አስሮ፣
ስንቱን ሰው በሠራው ታንኳ ከደሴት ደሴት አሻግሮ፣
ነዋሪ ተብሎ ኖረ፣ ነዋሪ ተብሎ ሞተ።
የነዋሪ መቃብር ላይ የአያት ስም አይጻፍም፤
ሕጉ ነው።
ድንጋዩ ላይ ስሙ በአጭሩ ቀረ።

እኔ ግን ወጣሁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።
ግድግዳው ላይ «አሻራህን በጠፈር አኑር!» ይላል፣
አውራ ጣቴን ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነከሩልኝ፣
በመስኮት ሦስት ሸኙኝ፣
«ስትመለስ በአራት ነው» አሉኝ።

ፎቦስ የምትባል ጨረቃ አለች፣ ማርስን የምትዞር፣
ያልተላጠ ድንች የመሰለች፣
ጣና ላይ ብትቀመጥ ዙሪያዋን ውሃ የሚተርፋት።
እዚያ ነው ሰባት ዓመት ጉድጓድ የማስነው።
ጠላት የሚሉትን ፊቱን አላየሁትም፤ ድሮኑን እንጂ።
ድምፅ የለም። አቧራ ከተነሣ
ለመውረድ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።
የተመታም ሰው አይወድቅም፣
ቀስ ብሎ ይሄዳል።

አንሙት ሞተ። እናቱ ስሙን ስታወጣለት እየለመነች ነበር።
ይርሳው፣ ማን ይርሳው?
አትጠገብ፣ የአዴት ልጅ፣ ሳንጠግባት፣
ገመዷ ተበጥሶ ወደ ጨለማው ስትርቅ
በሬዲዮ እያወራን ሸኘናት፤
ስለ ጤፍ ዋጋ ነበር የምናወራው፣
ሌላ ወሬ ጠፍቶን።
ከእኔ እጄ ብቻ ነው የቀረ። ቀኝ እጄ፣ ሰሜን በር ላይ፣
በሩ ሲዘጋ።

«ቀጣይ!» አሉ ወይዘሮ ማስተዋል ከመስታወቱ ጀርባ።
«ማሰናበቻ?» ይኸው። «ሜዳልያ?» ይኸው።
«ሁለት ጉርድ ፎቶ?» ይኸው።
«ጎበዝ። አሁን አሻራ፣ ቀኝ አውራ ጣት።»
አስቀመጥኩ። ማሽኑ ቀይ በራ።
በሸሚዜ ጠርጌ ደገምኩ። ቀይ።
ብረቱን አዩት፣ ቀና ብለውም አዩኝ፤ ክፋት የለባቸውም።
«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ሲስተሙ አልቀበልም አለ።»
«አኑር አላችሁኝ፣ እዚያው አኑሬው መጣሁ።»
«የት?»
«ፎቦስ።»
ጽፈውት ነበር፤ ሰረዙት።

«መጀመሪያ የፈረምኩበት ፎርም አለ አይደል?»
«እሱ የጦሩ ምስጢር ነው፣ አይከፈትም።
ወይ ሦስት ዜጋ አምጣ፣ አንተ አንተ መሆንህን ይመስክሩ።»
የማውቀው ሦስት ዜጋ ነው።
ሲሞቱ ነው ደብዳቤው የደረሳቸው።
«እንግዲህ ነገ ብቅ በል» አሉኝ፣
ከነገ ወዲያ የሚሉ ይመስል ነበር ፊታቸው።

ዘወር ስል መስኮት ሦስት ላይ አንዲት ልጅ ትስቃለች።
የጎረቤታችን የአደም ልጅ፣ ሩቅያ፤
ስሄድ ጥርሷ እንኳ አልወጣም ነበር ልል ነው፣
ግን ያኔም ትልቅ ነበረች፣ እኔ ነኝ ያላየኋት።
አውራ ጣቷ ሐምራዊ ሆኗል፣ ለጓደኞቿ ታሳያለች፣
ጥፍሯ ሥር የደንገል ጭቃ እንዳለ ነው።

ስለ ዝምታው ልነግራት ነበር፣ ስለማይወርደው አቧራ፣
ስለ አባቴ ድንጋይ።
አፌ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ፦
«ሩቅያ፣ ከመሄድሽ በፊት
ያንን ጣትሽን ወረቀት ላይ ደግመሽ አትሚና
ለእናትሽ ስጫት።
ርጥበት በማያገኘው ቦታ ታስቀምጥልሽ።»

ሳቀችብኝ።
ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችው።