አንድ ደቂቃ

ሶማሌ ተራ፣ ሙኽታር ሱቅ በራፍ ላይ፣
ጋሎን አገላብጬ ማኅተሙን ሳይ፦
«ፋይቭ ደብልዩ ሰርቲ፣ ሙሉ ሲንቴቲክ ነው፤
ከዚህ ሌላ ምን አለ ቱርቦህን የሚያድነው?»
ፊልትሮ ሁለት አወጣ፤ የአንዱ ዋጋ ግማሽ፤
እጄ ወደ ርካሹ፣ ዐይኔ ከሙኽታር ሲሸሽ፣
ጋሽ ድንበሩ ነጠቀኝ፤ በመዳፉ መዘነና
«ባዶ ጣሳ!» አለ።
ከፈልኩ ሙሉውን፣ ምን አፍ አለኝና።

ቡሎኑ ሲፈታ ዘይቱ ወረደ፣ ሬንጅ መስሎ፤
«ስንት ሄዷል?» አለ፣ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ።
«ሰባት ሺህ። መጽሐፉ እስከ ዐሥር ይላል።»
ሳቀ። «መጽሐፉ ሜክሲኮ አደባባይ መቼ ቆሞ ያውቃል?
ለገሃር ላይ አንድ ሰዓት
ጎማህ ሳይዞር ሞተርህ ይነዳል።
ቁጥሩን አትመን፣ ልጄ፤
መቆምም መንገድ ነው።
በየአምስት ሺው ቀይር።
ስትገባም ወዲያው አታጥፋ፤ አንድ ደቂቃ ታገሥ፤
እንደጋለ ዝም ካለ፣ ዘይቱ ያራል ሳይመለስ።»

ይኸው ማታ ሰንጋ ተራ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ደርሼ፣
እጄ መሪው ላይ ነው፣ መብራቱን ቀንሼ።
ዘቢደር በመስኮት «አትገባም?» ትላለች።
«ቱርቦው ይብረድ» እላለሁ።
መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ ፊቴን አይታ፣
እሷም አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች።