ጉም ዘጋኝ

ሌሊቱን ከጦሳ በሐረጎ ወርዶ
ጉም ተኝቶ አገኘሁት፣ አስፋልቱን ለምዶ።
እንደ ወትሮው ወጣሁ፣ ደብተሬን አንግቤ፣
የማይታየውን ልቆጥር፣ ካፖርት ደርቤ።

የጨርቃ ጨርቁ ጭስ ማውጫ፣ ኪሎሜትሩ ላይ፦ የለም።
የመስጊዱ ጫፍ፣ ስምንት መቶ፦ የለም።
ኖራ ከቀባኋቸው ድንጋዮች አንደኛው አለ፤
ሁለተኛው፣ አየሁት ስል፣ ጉሙን መሰለ።

ዘምዘም ከማማው ደወለች፦ «ይብሬ፣ ስንት ልበላቸው?»
«መቶ ሃምሳ። ከዚያ በላይ እንዳትዋሺያቸው።»
በላያችን ድምፅ ይዞራል፣ ሆዱ በሰው የተሞላ፣
ከጉም በላይ ጠዋት ሆኖ፣ ከጉም በታች ሌላ።

ኮርስ ላይ ነግረውን ነበር፣ ሰው ጉምን ሲገፋ፦
እንግሊዞች በጦርነት፣ ቧንቧው እሳት እየተፋ፣
በመንደርደሪያው ግራ ቀኝ አነደዱ፣ ጉሙ ተንኖ ጠፋ።
እኛ ቤንዚን የምንገዛው ሰልፍ አድረን ነው።

ሌላው ከላይ ደረቅ በረዶ ይበትናል፤
ጉሙ ጠጥሮ ይረግፋል ይባላል።
ያ ግን ከዜሮ በታች ለወረደ ጉም ነው፤ የኛው ለብ ያለ፣
የቦርከናን ትንፋሽ ያዘለ።
ለሱ ጨው ነው አሉ፣ ደቅቆ የሚነዛ።
ጨውማ ባቲ ሞልቷል፣ ሰኞ ወርደን ብንገዛ!
ግን ጨው ብረት ይበላል፤
ጉሙን ጨርሶ ወደ ክንፉ ያልፋል።

«ማሞቂያ ይገዛልን» ብዬ ጻፍኩ ለአዲስ አበባ፤
በሁለት ዓመቱ መልስ መጣ፣ ማኅተሙ እንደ አበባ፦
«ጥያቄዎ በጥናት ላይ ነው።»
ጥናቱንም ጉም ዋጠው።

እጄን ሰደድኩ። ጨብጬ ያዝኩት።
ጣቶቼ መሃል ላብ ሆነ።

ዘምዘም ደግማ ደወለች። «ይመለሳል።» ዘጋች።
ድምፁ ወደ ደቡብ ሳሳ፣ እንደ ክር።
ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ከባቲ በኩል ፀሐይ ወጣች፣
ያለ ቤንዚን፣ ያለ ጨው፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ጠራረገች።
ጭስ ማውጫው አለ። የመስጊዱ ጫፍ አለ።
ድንጋዮቼም፣ አንድ ሳይጎድል።
ሰማዩ ብቻ ባዶ።

አጥሩ ጥግ አንድ ሰው፣ ከሐይቅ በሌሊት የተነሳ፣
የእህቱን መድኃኒት የሚጠብቅ፣
ባዶ የበረዶ ሣጥን ታቅፎ ቆሟል።
«መጣ?»
«ሄደ።»
እስከ ጫማዬ አየኝ። «አንተስ፣ እዚህ ሥራህ ምንድነው?»
መዳፌን ከፈትኩለት፤ ገና ርጥብ ነው።
«ጉም ዘጋኝ» አልኩት።
ራሱን ነቀነቀ፤
«እኔንም» አለኝ።