መነሻ ዋጋ

አጅማን ሰናያ፣ ቆርቆሮ መጋዘን፣
ሰው ጥሎት የሄደ ዕቃ ስንመዝን፣
ስናጥብ፣ ስንወለውል፣ ለፎቶ ስናቆም፣
ኮያ አለቃችን ሳይመክር አይውልም፦

«በአንድ ድርሃም ጀምር፤ አትፍራ፤ ሰው እንዲህ ነው፣
ርካሽ ሲያይ ይገባል፣ እልህ ነው የሚያስከፍለው።
በሺህ የጀመርከው ፍሪጅ
ቆሞ ሲታይ ይከርማል እንጂ
እጁን የሚሰድ የለም።
ቁጥር አትድፈን፤ ሙሉ መቶ ያስፈራል፣
ዘጠና ሰባት በል፣ ቅናሽ ይመስላል።
ጭረቱን አትሸሽግ፣ አስጠግተህ አንሳው፤
ጭረቱን ያየ ነው ያላየውን የሚያምነው።
መዝጊያውን ደመወዝ የገባ ለት አድርግ፣
ሰው ጋደም ብሎ ጣቱ ሥራ ሲፈልግ።»

በዚህ ትምህርት ስንቱን ቤት ሸጥኩት፤
የነርሷን አልጋ፣ መምህሩ የተደገፈበት
መደርደሪያ፣ አሸዋ ጎማው ውስጥ የቀረ
የሕፃን ጋሪ፣ ልጁ ይኼኔ የትም አገር ፊደል የቆጠረ።

ውድነሽ የመጣች ለት ሐምሌ ነው፣ አስፋልቱ ይፋጃል፤
በብርድ ልብስ የጠቀለለችው ነገር ልጅ ይመስላል።
የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ አራት ዓመት ስትጠርዝበት ኖራ
አባያ፣ ዚፕ ስትቀይር፣ ሱሪ ስታሳጥር ለጎረቤት ሁሉ ተራ በተራ።
ቲኬቷ ለማክሰኞ ነው።

«ዘጠኝ መቶ» አለችኝ።
«አዲሱ እኮ አምስት መቶ ነው።»
«አዲሱ ምን ያውቃል?»
«እሺ፤ ግን ይኼ መድረሻው ነው።
መነሻውን ንገሪኝ።»
«መነሻዬማ ሐይቅ ነው፣
ከደሴ ወዲያ» አለች። ሳቅን።
ስሟን ያወጣው ሰው ኮያን አላማከረ፤
ጥሪውን ከላይ ነው፣ ከጣራው ነው የጀመረ።

እሺም እምቢም ሳልላት፣ ማታ ብቻዬን
በአንድ ድርሃም ለጠፍኩት፣ አምኜ አለቃዬን፦
«ይሠራል። ፔዳሉ ሲረግጡት ይጮኻል።
በግራ ጎኑ ላይ ጭረት ይታያል።»
ለፎቶ ስጠጋው ጭረቱ ቁጥር ሆነ፤
በመርፌ ጫፍ ተጭሮ፣ የሐዋላ ሒሳብ፣ ወር በወር የተከወነ፦
ሦስት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ሃምሳ፣ ባዶ፣
ሁለት መቶ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ብረቱን ሰንጥቆ፣ ሄዶ ሄዶ።
አንስቼ ለጠፍኩት። ምን ልበል? ጭረት ነው።

አንድ፣ አምስት፣ አርባ። በሦስተኛው ቀን መቶ።
በመጨረሻዋ ማታ መቶ ሠላሳ ላይ ቀረ፣ እንደ ግመል ተኝቶ።
ስምንት ደቂቃ። ውድነሽ ትደውላለች፦ «ስንት ደረሰ?»
«ገና ነው» አልኳት፣ ድምፄ አነሰ።

በአክስቴ ልጅ ሲም ሌላ ስም ከፈትኩ፤
ኮያ ቢሰማ የሚያባርረኝን፣ ከገዢ ጎን ቆምኩ።
መቶ ስልሳ አልኩ። ሁለት መቶ አለ፣
ስሙ ኮከብ፣ ኮከብ፣ ሰባት፤ የትም ያለ።
ሁለት መቶ ሃምሳ። ሦስት መቶ። ሦስት መቶ ሠላሳ።
እጄን አላበኝ፤ የማን እንደሆነ መኪናው ተረሳ።
አራት መቶ አስር ስል፣ ሰውየው ዝም።
ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት... ና እንጂ! አልመጣም።
«እንኳን ደስ አለዎት!» አለኝ ስልኬ።

አገር ቤት ጋዜጣ ላይ ጨረታ የሚያወጣ ሁሉ
ከታች አንድ መስመር አለችው፦ «በከፊልም ሆነ በሙሉ
የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው»።
እኔ ይቺን አልጻፍኳት።

ከደመወዜ ቆጥሬ ሰጠኋት። ሁለቴ ቆጠረች፤
«አየህ፣ ዕቃ የሚያውቅ አይጠፋም» አለች።
«ማነው?» «አንድ ሰው።» «ሰፍቶ ይብላበት።»
ማክሰኞ ሄደች፣ ብርድ ልብሱን ትታለት።

አሁን ስምንት ሆነን በምንተኛበት ክፍል፣ ከአልጋዬ ግርጌ ነው፤
ኮያ «ያ መኪና ስንት አወጣ?» ሲለኝ፣ «ደህና ነው»።
ትናንት የሥራ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፤
ሰባት ጊዜ ስቼ፣ በስምንተኛው ክሩ መርፌውን ለመደ።
ፔዳሉን ረገጥኩት።
ጮኸ፣
ልክ እንደጻፍኩት።