ዕጣ ጠጠር

ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ ዳር፣
ሽቦና መርፌ ይዤ፣ ከመድኃኒት ቤት በር።
ጉም ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲያለብስ
ያኔ ነው እኔ ቤት ሰው የሚርመሰመስ።
ከእግሬ ሥር አንሻ ናት፣ ነጭ ሽንኩርት ዘርግታ፣
ልጇን አስቀምጣ በካርቶን ከልላ።
ሰዓዳ ትባላለች፣ ሦስተኛ ክፍል ናት፣
ከሰው ሁሉ በፊት ቁጥር የሚገባት።

አንድ ቀን ካርቶኑን፣ የሳሙና ሽታው ገና ያልለቀቀውን፣
ገልብጣ በከሰል አርባ ቤት ሠራችበት።
ባዶ አርባ ቤት። መንገዳችን ነው፣
ከላይኛው መታጠፊያ እስከ ሚዛን ቤቱ።
‘ጋሼ፣ ዕጣ ጠጠር ጥረብልኝ’ አለች።
የተሰበረ እጀታ ነበረኝ፣ ወይራ፤
በቢላ ፈለጥኩት፣ በጋለ ሽቦ ነቀስኩት፣
ስድስት ፊት።
እጄ ሽቦ እንጂ እንጨት አያውቅምና
አንዱ ጎን ከበደ።
ሦስት ቀን ሙሉ ለብቻዋ ስትወረውር ዋለች፤
ከዚያ ነው በየቤቱ ስም የጻፈች።

ቤት አንድ የሙህዬ፣ የልባሽ ጨርቅ ክምር፤
ሳይለካ ያለፈ ሁለት ቆርኪ ይቁጠር።
ቤት ሰባት የዓሣ ነው፣ ከሐይቅ የመጣ፤
የደረሰባት ሰው ሳይሸት ቶሎ ይውጣ።
ቤት አሥራ ሦስት ጉም፤ የገባበት ሰው
አይወጣም፣ አንድ ሰው ስሙን እስኪጠራው።
ቤት ሃያ፦ ደንብ መጣ! ዕቃህን ጠቅልል፣
ሩጥ፣ ወይ ጃንጥላ ጠጋኙ ጋ ተጠለል።

ቆርኪ ነው ሰዉ ሁሉ። የተጣመመው እኔ ነኝ፤
‘በአንተ ልክ ነው’ አለችኝ፣ ሳታፍር።
ልጆቹ ከበቡን። ሊስትሮው፣ የሎተሪ አዟሪው፣
ተሸካሚዎቹ እንኳ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው።
ይወረውራሉ፤ አራት።
ደግሞ ሌላው፤ አራት።
ቤት አራት የማን ነው? የአንሻ ነጭ ሽንኩርት።
‘የቆመ ይግዛ። ሦስት ቆርኪ። ቅናሽ የለም።’
አንሻ በካርቶኑ ላይ ባለጸጋ ሆነች፣
መሬት ላይ ግን የዚያን ቀን ሩብ ኪሎ ሸጠች።
ሰዓዳን አየኋት፤ አየችኝ፤
ሁለታችንም ዝም።

ሰኔ ሲገባ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ።
ለአዲሱ ቦታ ዕጣ አወጡ፣ ከባርኔጣ ውስጥ፣
የተጠቀለለ ወረቀት፣ ሁሉም እኩል፣
ጎኑ ያልከበደ።
አንሻ ዘጠና አራት ደረሳት፤
ከቦዩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ረድፍ፣
ገዢ ደክሞት የሚመለስበት።
‘አብሽሪ’ አልኳት።
አብሽሪ ርካሽ ነው፣ ማንም ይሰጣል።

ጠረጴዛው ተነሣ፣ ሸራው ተነሣ፣ ድንጋዩም ተነሣ።
ከዚያ ወዲያ ሰዉ ካርቶኑን ሊያይ መጣ።
‘የእኔ ከዛፉ ወዲህ ነበር’ አለ ሙህዬ።
‘ዛፍ መቼ ነበረና?’ አለች ዓሣ ሻጯ ትጓደድ።
ሁለት ትልልቅ ሰዎች በከሰል መስመር ተጣሉ፤
እሱ ጣቱን ልሶ ድንበሩን ሊያጠፋ ሲል
ሰዓዳ እጁን መታችው።
‘ተራህን ጠብቅ’ አለችው።
ጠበቀ። ወረወረ። አራት።
ኪሱን ሲዳብስ አየሁት፤ ቆርኪ ፈልጎ መሰለኝ፣
እውነተኛ ብር አውጥቶ
ከሌለችው አንሻ ፊት አኖረ።

ዛሬ ማለዳ መጣች፣ ጸጉሯ በካፊያው ርሶ።
‘ሌላ ጥረብልኝ።’
‘ስንት ፊት?’
‘ዘጠና አራት።’
አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም።
እጀታ አንስቼ ጀመርኩ።
ፊት በፊት ላይ ስጨምር፣ ሄዶ ሄዶ፣ እንጨቱ ክብ ሆነ፤
ቁጥር የሚያርፍበት ሜዳ የሌለው፣ እንደ ዶቃ።
መዳፏ ላይ አኖርኩላት።
ወርውሪው አላልኳትም፤
ደሴ ቁልቁለት ናት፣ አንዴ ከእጅ ካመለጠ
ቦርከና ሳይደርስ የሚቆም አይመስለኝም።
እሷ ግን በጣቷ ታሽከረክረዋለች፣
ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
የሚከብደውን ጎን ፍለጋ።