ክፍል ሁለት

በክፍል አንድ መጨረሻ ልጅቷ ወፍ ሆና ቀረች፤
የጀመረችው ዘፈን ሳያልቅ፣ ላባ አብቅላ በረረች።
"ይቀጥላል" የሚል ጽሑፍ መጣ፣ መብራቱም አብሮት ሄደ፤
ጋሽ ልየው የቪዲዮ ቤቱን በር ከፍቶ
አርባ ልጅ ወደ ሞጣ ጨለማ ሰደደ።

ክረምቱን ሙሉ ጠበቅናት።
ውኃ ስንቀዳ፣ ወፍጮ ቤት ስንላክ፣ ቁራ እንኳ በጮኸ ቁጥር፣
"እሷ ትሆን?" እንል ነበር።

የአዴት መንገድ ሲደርቅ፣ በመስከረም ማለቂያ፣
አንሙት በአይሱዙው ደረሰ፣ ቆርቆሮ ጭኖ ለገበያ።
ሞተሩ ሳይጠፋ በሩ ላይ ተንጠለጠልን።
"ክፍል ሁለትስ?"
ከደረት ኪሱ ካሴት መዘዘና፣ "ፊልሙ የለም" አለን፤
"ዘፈኑ ቀድሞ ደርሷል፤ ፊልሙ ገና መንገድ ላይ ነው።"

ጋሽ ልየው ግን ነጋዴ ነው።
በጠፋው ቴሌቪዥን አናት ቴፑን ጉብ አደረገና፣
"ግቡ! ክፍል ሁለት!" አለ፣ በሩ ላይ በከሰል ጽፎ እንደገና።
ስሙኒዋንም አልማረን።

ጥቁር መስታወት ፊት ተደርድረን፣ የገዛ ፊታችንን እያየን፣
የማናውቀውን ቋንቋ፣ ዋሽንት የሚመስል ነገር ሰማን።

መጀመሪያ ያየቻት ባንቺአየሁ ናት፤ "ያቻት! ጣሪያው ላይ አረፈች!
ክንፏ ረጥቧል፤ ንግሥቲቱ በመስኮት ድንጋይ ወረወረች።"
"የለም" አለ ልብስ ሰፊው ታከለ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ፣
"ከበሮው የፈረስ ኮቴ ነው፤ ወንድሟ ሊፈልጋት ጋለበ፣ ወንዙን ዘለለ።"
ከኋላ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን ጉልበቱ ላይ ያቀፈ፣
ከጎንጅ ቅኔ ቤት የጠፋ ተማሪ ጉሮሮውን ጠረገ፤
"ሰሙን አያችሁ" አለ፣ "ወርቁ ግን አመለጣችሁ።
የበረረው ገላዋ ነው።
ድምጿ እኮ ይኸው፣ መሃላችን ተቀምጧል።"
ማንም አልመለሰለት።
አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ
አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች።

ስድስተኛው ዘፈን መሃል ቴፑ ክሩን በላ።
ጋሽ ልየው በእስክሪብቶ ጠመዘዘ፣ በጥፍር ቀለም አጣበቀ፤
ከዚያ ወዲያ ዜማው እዚያች ቦታ ሲደርስ
አንዴ እየተደናቀፈ ዘለቀ።
በዚያች ዝላይ ውስጥ ንግሥቲቱ ሞተች ብለን ወሰንን፤
ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከፍለን እየገባን ቀበርን።

አምና ባሕር ዳር፣ ልጄ በስልኩ ፈልጎ አገኘልኝ፤
ሃያ ስንት ዓመት የዘገየ ፊልም መዳፌ ላይ ተከፈተልኝ።
ወፏ ገና በአሥር ደቂቃዋ ሰው ሆና ቁጭ!
ወንድም የላትም። ፈረስ የለም። ከበሮው የሠርግ ነው።
ንግሥቲቱም አልሞተች፤ ወገቧን ይዛ ትጨፍራለች።
"ያምራል?" አለኝ ልጄ።
"ያምራል" አልኩት። ቀለሙ እውነትም ያምራል።
(ታከለ ሞቷል። ባንቺአየሁ የት እንዳለች አላውቅም።)

ስድስተኛው ዘፈን መጣ።
እዚያች ቦታ ሲደርስ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ አንገቴን ደፋሁ፤
ቴፑ የበላትን ሁለት ሰከንድ ያን ጊዜ ሰማሁ።
ቃል አይደለችም።
ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ነው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት፤
ድምፁን ግን አልዘጋሁም።
ሶፋው ላይም፣ ልጄ ሳያየኝ፣
ጥቂት ጠጋ አልኩላት።