ታዳጊ

ካንገቴ ላይ ሰቀሉት በሰማያዊ ክር፣
አንጓች የተባልሁት «አንጎች» ተብዬ ስቀር።
(በላቲን ነው የጻፉት፤ ፊደል ቢያጥራቸው ነው።
ዝም አልሁ። ስንት ነገር አለ የማላርመው።)
ከስሜ በታች ግን፣ ባማርኛ ቃል፣
«ታዳጊ መሪ» ይላል።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ስድስቱን ዓመት
ስከተል የኖርሁ የባሕር ዳርን ቧንቧ ቤት ለቤት፣
የት እንደሚያፈስ፣ የት እንደሚደርቅ
ካልጋዬ ሆኜ በድምፁ የማውቅ፣
ታዳጊ ነኝ ገና።
አገሬም ታዳጊ ናት፤
አብረን እናድጋለን እንግዲህ፣ ምን ቸኮልንና።

አዳራሹ ከሐይቁ ዳር ነው፤ መጋረጃው ግን ተዘግቷል፣
ስላይዱ እንዲታይ። ጣና ከውጭ ቀርቷል።
አሠልጣኙ፣ ጫማው የሚያበራ፣
«ግንብ ሥሩ» አለን፣ «በደረቅ ፓስታ፣ በጋራ፣
አሥራ ስምንት ደቂቃ አላችሁ።»
የናይሮቢዋ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የካትማንዱዋ ነርስ፣
እኔ የውኃ መሐንዲስ፣
በክር ስናስር፣ በፕላስተር ስንደግፍ፣ ሲፈርስ፣
አስተናጋጁ ስመኘው፣ ትሪውን እንደያዘ፣
እኛን እያየ ፈዘዘ።
ቡድን ሦስት አሸነፈ። ተጨበጨበ።
ስመኘው ስብርባሪውን ጎንበስ ብሎ ሰበሰበ፣
በሶፍት ጠቀለለው፣ ከኪሱ ከተተ፣
ዓይኑ ከዓይኔ ሲገጥም ዞሮ የተዘጋ መጋረጃ ተመለከተ።
ስለ አመራር ያን ቀን ከደብተሬ ያሰፈርሁት
ይህንኑ ነው፤ ሌላውን ረሳሁት።

ማታ ሰፈር ስገባ ቢጫ ጀሪካን በር ለበር፤
ውኃ ከሄደ አራት ቀኑ ነበር።
«አንቺ ልጅ» አለችኝ ወይዘሮ ደብሬ፣ ካጥሩ ብላ ወጣ፣
«የዓለም ሰው ሁሉ እናንተ ጋ ነው አሉ፤ መቼ ነው የሚመጣ?»
«ሐሙስ» አልኋት።
ሐሙስ ካፌ የወጣ ቀን ነው፤ ማንም አልነገረኝም።

በመጨረሻው ቀን ሽርሽር፣ በጀልባ፣
«ባህል» ተብሎ ከፕሮግራሙ የገባ።
ክብራን ገብርኤል ስንደርስ ባለጀልባው ወንዳለ
ሞተሩን አጠፋና «ንገሪያቸው እንጂ» አለ።
ተነሣሁ። እንግሊዝኛዬ ያን ቀን ብቻ አጠረ፤
«ሴት አይገባም። ድሮም እንዲህ ነበረ።»
ወንዶቹ ወጡ፣ ይቅርታ እያሉ፣ ካሜራቸውን እያቀፉ።
ሰባት ሴቶች ቀረን፤
ስለ ሴት መሪነት ሲናገሩ ያረፈዱ ሰባት አፎች አረፉ።
እናቴ እዚሁ ድረስ መጥታ፣ ከጀልባ ሳትወርድ፣
ተሳልማ ትመለስ ነበር፤
ለእሷ መንገዱ ሙሉ ነው፣ አንዲት ስንዝር ሳይቀር።
ይህን በምን ቋንቋ ልበል? የነርሷ ጉልበት ጉልበቴን ነካ፤
«እኛም አገር አለ» አለች።
ዝምታም ያግባባል ለካ።

ነፋስ ተነሣ። እምቦጩን ወደኛ ነዳው፤
ሥሩ የሞተሩን ክንፍ ተብትቦ ጎዳው።
ወንዳለ ሱሪውን ጠቅልሎ ጎተተ፣ አቃተው፤
ቀና አለና ካርዴን አየው።
«ምን ይላል?»
«ታዳጊ።»
«ማንን ታድገሽ?»

ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን እጅጌዬን ሰበሰብሁ፣
ከጀልባው ጠርዝ ተንበረከክሁ።
ሒሳብ ሠራተኛዋ ሰዓቷን ፈታች፣
ነርሷ ቀሚሷን ሸከፈች፣
ያንን አረንጓዴ አንጀት ስንጎትት፣ ስንጎትት፣
ማን መራ፣ ማን ተመራ፣ አልጻፍንበት ሪፖርት።
ካርዴ ከውኃው ገባ። ቀለሙ ፈሰሰ፤
አንጎችም፣ መሪውም፣ ታዳጊውም ታበሰ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ወንዶቹ ተመለሱ፤
ስለ ሥዕሉ ነገሩን፤ የክንዳችንን ጭቃ ግን አላነሱ።
ማታ ፎቶ፣ ኬክ፣ የምስክር ወረቀት፣ ስንብት፤
ስሜ እዚያም አንጎች ነው፣ ወርቅማ ቀለም የደመቀበት።

ሐሙስ ውኃ መጣ፤ እየደፈረሰ፣ እያስነጠሰው ቧንቧው።
እኔ አይደለሁም የከፈትሁት፤ የሌላ ሰው ተራ ነው።
ወይዘሮ ደብሬ ግን «ተባረኪ» አለች፣
ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች።
ምርቃቷን ተቀበልሁ።
ምን ላድርግ።