የዝናብ መጥረጊያ

ቫኗን የገዛናት ከዓሣ ነጋዴ፣ በዘጠና ፓውንድ፣
ግሪምስቢ ወደብ ላይ፣ መርከቡ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሲጋደም እንደ ግንድ።
በሳሙና፣ በኮምጣጤ ያላጠብናት ቀን የለም፤
ሽታው ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አልለቀቃትም።
ሌስሊ ይዘፍናል፤ ክላይቭ ጊታር፣ ደሪክ ቤዝ፣ ሞሪን ከበሮ፤
እኔ? እኔማ ሾፌር ነኝ፤ ሽቦ ጠቅላይ፣ የሰከረ ተሸካሚ። ኑሮ!
«የጨው ፋኖሶች» አለን ደሪክ፣ ቀና ብሎ አይቶ
ወደቡ በር ላይ የቀረውን መብራት፣ ብርጭቆው በጨው ተበልቶ።

የመጀመሪያው ምሽት ሎውዝ ነው፤ አንድ ጠባብ መሸታ ቤት፤
ሰባት ሰው፣ አንድ ውሻ።
ውሻው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ወጣ፤ ከሰዎቹም ሁለት
ተከተሉት። ለቀሩት አምስት ሌስሊ ዘፈነ
ስታዲየም የሞላ ይመስል፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ከዚያ ያ ኅዳር መጣ። ሃምበር ድልድይ ላይ፣ ጉም መሃል፣
ሞተሩ ጠፋ። ዝናብ። ወንዙ ከታች አይታይም፤ ይሰማል።
የግራው የዝናብ መጥረጊያ ጎማው ተልጦ ነበርና
ብረቱ መስተዋት ይመታል፦ ጣ… ጣጣ ጣ፤ እንደገና
ጣ… ጣጣ ጣ።
ሞሪን በሁለት ጣቷ፣ ጉልበቷ ላይ፣ ተከተለችው፤
ክላይቭ ጊታሩን ከሳጥን አወጣ። ሌስሊ ቃል ፈለገለት።
ጎታች መኪና ሲደርስ «ሰው እስኪመጣ» አልቆ ነበር፤
ሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ፣ በእኔ እርሳስ፣ ከነዳጅ ሒሳቤ ሥር።

በየካቲት ዘጠነኛ ወጣን። ዘጠነኛ! ከመላው አገር!
የሌስሊ እናት፣ የዓሣ ፋብሪካዋን ቢላዋ እንደያዘች፣
የጎማ ቦቲዋን ሳታወልቅ፣ መንገድ ላይ ጨፈረች።
ቴሌቪዥን ጠራን። «ዘፈኑ በቴፕ ነው፤ እናንተ አስመስሉ» አሉ፤
የሞሪንን ከበሮዎች በወፍራም ጨርቅ ጠቀለሉ።
ስምንት ሚሊዮን ሰው ፊት
ሞሪን ዝምታን ደበደበች።
በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች፤
«እጆቼ ደነቆሩ» እያለች።

ከለንደን ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ ሚስተር ፔንሮዝ፣ ሽቶ የተቀባ፤
አልጋ ያለው አውቶቡስ፣ ባለ ኮፍያ ሾፌር አስከትሎ ገባ።
እኔን የእጅ ሰዓት ሸለሙኝ። ቫኗን ይዤ ተመለስኩ፣ ባዶ።
እነሱ ኦሳካ፣ ሃምቡርግ፤ እኔ እንደ ጥንቷ ዓሣና በረዶ።
አንዳንዴ ሌሊት ስልክ ይጮኻል፤ ደሪክ ነው፣ ከሆነ ሆቴል፤
«ቁልፉ የት ነው?» ይለኛል።
የምን ቁልፍ? ስለው ዝም ይላል።

ሁለተኛው አልበም ሳክስፎን በዛበት። ሦስተኛውን እናቶቻቸው ገዙት።
ሲያልቅ አያምር።
«ያን ምት ማን ፈጠረው?» ነው ክሱ። ሞሪን «እኔ»፣ ክላይቭም «እኔ»።
ለምስክርነት ተጠራሁ፤ የሠርጌን ሱፍ ለብሼ፣ ጠቦኝ ከጎኔ።
«መጥረጊያው ነው» አልኩ።
«ምን?»
«የዝናብ መጥረጊያው። የግራው።»
ጸሐፊዋ መጻፏን ተወች። ሞሪን ሳቀች፤ ከስድስት ዓመት
በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ። ክላይቭም ሊስቅ ነበር፤ አቀረቀረ።
ጠበቆቹ ብቻ ከበሩበት።

ዛሬ ክላይቭ ቦይለር ይጠግናል። ደሪክ ካቻምና አረፈ።
ሌስሊን ክሊቶርፕስ ባሕር ዳር አየሁት፤ አይስክሬም ለሚልሱ ልጆች
ያቺኑ አንዷን ይዘፍናል። ከፍ ያለው ድምፅ ጋ ሲደርስ
ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አሳለፈ።

ቫኗን ቆራርጠው በኪሎ ሸጧት።
እኔ የተማሪ አውቶቡስ እነዳለሁ። ዝናብ ሲመጣ
አዲሱ መጥረጊያ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ሐር ነው፣ ድምፅ አይወጣ።
ቀይ መብራት ላይ መሪውን በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ።
ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለችው ኢሞጀን እግሯን ታወዛውዛለች፤
ዘፈኑን አታውቀውም፤
አንዷን ጣ ስዘልባት ግን
ቀና ብላ፣ በመስተዋቱ ውስጥ፣ ታየኛለች።